ማሽኑ «እሱ ነው» ሲል፦ ለወጣት ባለሙያዎች

ልጆቼ፣

በኮምፒውተር ሥራ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ፊት የሚለይ ቴክኖሎጂ አትንኩ አልላችሁም፤ እኔም ስልኬን የምከፍተው በፊቴ ነው። ግን ማሽኑ ማንንም አያውቅም። ሁለት ፎቶ ወደ ቁጥር ቀይሮ ምን ያህል እንደሚቀራረቡ ይናገራል፣ በቃ። ከስንት በላይ ከሆነ «አንድ ሰው ናቸው» እንደሚባል የሚወስነው ሰው ነው። መስመሩን ዝቅ ካደረገው ንጹሕ ሰው ይያዛል፤ ከፍ ካደረገው ሌባው ያመልጣል። ነገ ያ ወሳኝ ከእናንተ አንዱ ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በጥር 2020 የአሜሪካዋ የዲትሮይት ከተማ ፖሊስ አንድ ጥቁር አባወራ ሚስቱና ልጆቹ እያዩ ከደጁ በካቴና አስሮ ወሰደ። ከሱቅ ሰዓት የሰረቀ ሰው ደብዛዛ ምስል ለማሽኑ ተሰጥቶ፣ ማሽኑ የዚህን ሰው የመንጃ ፈቃድ ፎቶ አወጣ። ከዚያ ስርቆቱን በቪዲዮ እንጂ በዓይኗ ያላየች ሴት ከተደረደሩት ፎቶዎች መካከል እሱኑ መረጠች። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው፤ ማሽኑ ገመተ፣ ሰዎቹ ግምቱን ማስረጃ አደረጉት። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ2024 ካሳ ልትከፍል፣ ፖሊሷም በማሽን ውጤት ብቻ ሰው ላያስር ተስማማች።

ስህተቱ ደግሞ ለሁሉም እኩል አይደርስም። አዲስ አበባ የተወለደችው ተመራማሪ ትምኒት ገብሩና ባልደረባዋ ጆይ ቡኦላምዊኒ እ.ኤ.አ. በ2018 ፊት አይተው ጾታ የሚለዩ ሦስት የገበያ ፕሮግራሞችን ፈተሹ። በጠቆር ያሉ ሴቶች ላይ ስህተቱ እስከ 34.7 በመቶ ደረሰ፤ በነጣ ያሉ ወንዶች ላይ ከ1 በመቶ አላለፈም። የእናቶቻችን መልክ ከየትኛው ወገን እንደሆነ አልነግራችሁም።

እኛም ጋ ፋይዳ አሻራ፣ የዓይን አይሪስና የፊት ምስል ይወስዳል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ያስከብራል፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ለጠበቃ ብቻ አትተዉት፣ አንብቡት። አለቃችሁ የሠራተኛ መግቢያ በፊት ይሁን ሲል፣ ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ጠይቁት፦ ምስሉ የት ይቀመጣል? ሠራተኛው ሥራ ሲለቅ ማን ያጠፋዋል? ማሽኑ ሲሳሳት አቤቱታው ለማን ነው? ፊቴን አልሰጥም ላለ ሰው ካርድ አለ ወይ? ካርድ የለም ካላችሁ፣ እሱን መጀመሪያ ሥሩ።