ለ12ኛ ክፍል ተፈታኟ፦ ሰውነትሽንም አዘጋጂው

«ፈተናው ሲቃረብ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ያጠናሁት ይጠፋብኛል፣ እንቅልፍም እምቢ ብሎኛል፤ ምን ላድርግ?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ነኝ ስላልሽ፣ ጉዳይሽ የኔው ነው ብዬ ነው የምጽፍልሽ። እኔም እዚያው አቅራቢያ፣ ኮዬ ፈጨ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው። በ2015 ተፈትኜ አልመጣልኝም። በ2016 በግል ተፈትኜ አለፍኩ፤ አሁን ዩኒቨርሲቲ ነኝ። «አጥኚ፣ ጸልዪ» የሚሉሽ ሞልተዋልና እሱን አልደግመውም።

አንደኛ፣ ቡናሽን ከአሁኑ ቀንሺ። የምሬን ነው። እኛ ቤት ጠዋት ቡና ሳይፈላ ቀኑ አይጀመርም። እኔም አቦሉንም ቶናውንም እጠጣ ነበር። ፈተናውን ደግሞ እኔ ስፈተን ዩኒቨርሲቲ ግቢ አስገብተው ነበር የሚሰጡት። ስልክ የለም፣ የእናት ቡና የለም። በገባሁ በማግስቱ ራሴን ለሁለት የሚከፍል ራስ ምታት ያዘኝ። ወረቀቱ ላይ ዓይኔን ማሳረፍ አቃተኝ። በቃ ጭንቀቱ ሊገድለኝ ነው አልኩ፤ እንደዚያ ማሰቤ ደግሞ የባሰ አስጨነቀኝ። ነርስ የሆነች ጎረቤታችን ናት በኋላ ያስረዳችኝ። በየቀኑ ቡና የለመደ ሰው ድንገት ሲያቆም ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራሱን ማመም ይጀምረዋል፣ በቀጣዩ ቀን ወይም በሁለተኛው ይብስበታል። ልክ ፈተናው ላይ ማለት ነው! ይህን ትምህርት ቤት ማንም አልነገረንም። ስለዚህ ሁለት ሳምንት ቀደም ብለሽ ቀስ በቀስ ቀንሺ። ቡና የማትጠጪ ከሆነ ደግሞ ለጥናት ብለሽ አትጀምሪ። ልብ ያስመታል፤ አንቺ ግን ፍርሃት ይመስልሻል። «ጫት ያነቃሻል» የሚሉሽን ልጆችማ ጨርሶ አትስሚያቸው። ውስጡ ያለው ካቲኖን እንቅልፍ ይነሳል፣ ምርቃናው ሲወርድ ድብርት ነው የሚተርፍሽ።

ሁለተኛ፣ ቤትሽ ሆነሽ ተፈተኚ። ጥያቄ ሥሪ ማለቴ አይደለም፣ ተፈተኚ ነው ያልኩት። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ተቀመጪ፣ ስልክሽን ለእናትሽ ስጪ፣ የድሮ ፈተና ዘርግተሽ ሰዓት ያዢ፣ እስኪያልቅ አትነሺ። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጸጥታ የለም ትይኝ ይሆናል። እንዲያውም ጥሩ ነው። እኔ ስለማመድ ከላይ በርበሬ ይወቀጣል፣ ከታች ባጃጁ ጡሩምባ ይነፋል። ፈተና ክፍልም ቢሆን ጸጥ አይልም። የምታለቅስ አለች፣ ወንበር የሚጎትት አለ፣ ሐምሌ ስለሆነ ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድበዋል። ሁለተኛው ላይ ይህ ሁሉ አዲስ አልሆነብኝም።

ሦስተኛውን ልጽፍ ስል የትምህርት ቤታችን ዩኒት ሊደር ትዝ አለኝና ንዴቴ ተነሳ። የ2014 ውጤት ወጥቶ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ብቻ ነው ሲባል፣ እሱ ቁጥሩን ዱላ አደረገው። ጠዋት ጠዋት ሰልፍ ላይ «ከመቶ ሦስታችሁ ናችሁ የምታልፉት፣ ሌላው ወንበር አሟቂ ነው» ይለን ነበር። ልቤ እየመታ አላስጠናኝ ሲል ላማክረው ቢሮው ሄድኩ። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «የሚጨነቀው ያላጠና ነው» አለኝ። ውሸት ነው። ከክፍላችን ከሁሉም በላይ ስትንቀጠቀጥ የነበረችው አንደኛ የምትወጣው ልጅ ናት። ያ ቁጥርም ዕጣ አይደለም። አስተማሪ ሳይመደብለት ዓመቱን የጨረሰው፣ ላብራቶሪ በዓይኑ ያላየው ሁሉ ተደምሮበት ነው የወጣው። የአንቺን ወረቀት የምትሞዪው አንቺ ነሽ። እንዲህ የሚል ሰው ካለሽ ሰምተሽ እንዳልሰማሽ እለፊው።

ሦስተኛው እንግዲህ ይህ ነው፦ ፍርሃትሽን ጻፊው። እኔ ያን ሰሞን የሚያስፈራኝን ሁሉ ደብተር ላይ መገልበጥ ጀመርኩ። «ብወድቅ አባቴ ምን ይላል፣ ጎረቤት ምን ይላል» ሳይቀር። ሲጻፍ ያንሳል። በኋላ እንዳነበብኩት፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሳይንስ በተባለው መጽሔት ያወጡት ጥናትም ይህንኑ ይላል። ከፈተና በፊት ለ10 ደቂቃ ፍርሃታቸውን የጻፉት ተማሪዎች ዝም ብለው ከተቀመጡት የተሻለ ውጤት አመጡ።

ክፍል ውስጥ ድንዝዝ ካልሽ እርሳሱን አስቀምጪ። በአፍንጫሽ ሳቢና ከሳብሽው ረዘም አድርገሽ ቀስ ብለሽ አስወጪ፤ ደጋግሚው፣ የልብ ምትሽ ይረጋጋል። ቁጥር 1 ላይ ሙጭጭ አትበዪ። ሒሳብ ላይ ቁጥር 1ን ሳየው ምንም አልገባኝም። ገለጥ ገለጥ ሳደርግ የማትሪክስ ጥያቄ አገኘሁ፣ ለመድኩት ነበርና ሠራሁት። ከዚያ እጄ ተፈታ። ሒሳብ 78 ነው ያመጣሁት፣ ያ ሰውዬ ይህን ቢያይ ደስ ባለኝ። ስትዘዪ ግን የመልስ ወረቀቱ ላይ ጣትሽን ቁጥሩ ላይ አድርገሽ አጥቁሪ። አንድ መስመር ከተዛነፈ ተከታዩ ሁሉ ይበላሻል።

ቴሌግራም ላይ «መልሱ ወጥቷል» እያሉ ብር የሚጠይቁት ሌቦች ናቸው፣ አጥፊያቸው።

እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካለሽ ሳምንታት ካለፉ፣ ወይም መኖር ራሱ ካስጠላሽ፣ ለብቻሽ አትያዢው። ዛሬውኑ ለእናትሽ ወይም ለምታምኛት ሰው ንገሪ፣ ጤና ጣቢያም ሂጂ። ግማሹ ባይመጣ እንኳ ሬሜዲያል የሚሉት የማካካሻ ትምህርት አለ፣ በግል መፈተንም አለ። በሁለተኛው የገባሁት እኔ ምስክር ነኝ።

የተመደብሽበትን ግቢ ስታውቂ ጻፊልኝ። ብርድ ልብስና ወፍራም ካልሲ ያዢ። አድሚሽን ካርድሽን ፌስታል ውስጥ ክተቺው፤ በሩ ላይ ፍተሻው ረጅም ነው፣ ዝናብ ያገኝሻል።