የእኔ ልጅ ተመለሰ፣ የጎረቤቴ ቀረ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ከጎረቤቴ ጋር 22 ዓመት አብረን ቡና ጠጥተናል፤ ልጆቻችንም አንድ ጡት እንደጠባ ሰው ሆነው አደጉ። አብረው ተመዝግበው ለውትድርና ሄዱ። የእኔው እግሩን ቆስሎ ተመለሰ። የእሷን ልጅ መርዶ የእድሩ ሽማግሌዎች ጎህ ሳይቀድ አረዷት፤ እኔም ከኋላቸው ቆሜ ነበር።

አስከሬን የለም። ለለቅሶው ፎቶ ሲፈለግ ደህና ሆኖ የተገኘው ሁለቱ ተቃቅፈው የተነሡት ብቻ ነው። የእኔን ልጅ ወደ ኋላ አጥፈው ፍሬም ውስጥ አስገቡት። የልጄ እጅ ግን የሟቹ ትከሻ ላይ ቀርቶ ይታያል።

በሰልስቱ ደረቷን እየመታች እንዲህ አለች፦

አብረው የወጡትን ቆጥሬ ቆጥሬ፣
አንዱ ጎደለብኝ ያውም የእኔው ፍሬ።

ለቀስተኛው ሁሉ ወደ እኔ የዞረ መሰለኝ። አርባውን እንኳ ከጓዳ ሆኜ እንጀራ ስጋግር ነው ያሳለፍኩት። ልጄንም እንዳታየው በጓሮ በር ነው የማስወጣው። ምን ብዬ ልግባ?

ስሜ ይቆይ

መልስ

እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ልጅዎ ተረፈልዎ። ለቅሶ ባለበት ሰፈር ይህን የሚል ስለሚጠፋ ነው።

ሙሾውን ለራስዎ አይውሰዱት። "አብረው የወጡትን" ብላ ስትቆጥር ልጅዎንም ከራሷ ጋር ቆጥራዋለች።

አስከሬን ያልታየበት ሐዘን ክፉ ነው። በ1990 የተጀመረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በ1992 ቆሞ እንኳ ለብዙ ቤት መርዶው የደረሰው ዘግይቶ ነው። አክስቴ አንዷ ነበረች። ፍትሐቱ ተደርሶ፣ ተዝካሩ ወጥቶ፣ እሷ ማታ ማታ በሩን ሳትቀረቅር ታድር ነበር፤ ድንገት ቢመጣ ብላ። ኋላ አብሮት የነበረ አንድ የዳንግላ ልጅ አፈላልጎ መጣ። ምን ይበላ እንደነበር፣ በማን ይቀልድ እንደነበር፣ የእሷን ስም ስንቴ እንደሚያነሣ ሲያጫውታት አመሸ። ወዲያው ባይሆንም፣ በሩን መቀርቀር የጀመረችው ከዚያ ወዲህ ነው።

በጓሮ በር የሚያስወጡት ልጅ እሷ የምትፈልገው ሰው ሊሆን ይችላል። ግን አያስገድዱት፤ እሱም ወንድሙን አጥቷል፣ ለቅሶ የደረሰውም ያለ አይመስለኝም። ከሄደም አሟሟቱን ካልጠየቀችው አያንሣ።

መጀመሪያ ብቻዎን ይሂዱ። "እግዜር ያጥናሽ" ይበቃል። "እግዜር የሚወደውን ነው የሚወስደው" የሚለውን ለሌላ ይተዉት፤ የእርስዎን ያልወደደው ነው ያስመስላል። "የሸሸሁሽ አፍሬ ነው" ይበሏት። ብትቆጣ ተቀምጠው ይስሟት፤ ዝም ብትል ተነሥተው ጀበናውን ይጣዱ፣ ቤቱን ያውቁታል። የታጠፈውን ፎቶ ግን እሷ ራሷ እስክትዘረጋው አይንኩት።