ተራራው ዘንድሮ ምን ያመጣ ይሆን? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ብርዱ ሲቃረብ የጥያቄ ሳጥኔን የሚሞላው የተራራ አየር ነው። ዘንድሮም እንደዚያው። «ክረምት» የሚለውን ቃል ግን እዚህ ሆን ብዬ ትቼዋለሁ፤ ለአብዛኞቻችን ክረምት ማለት ዝናብ ነውና። «ቀዝቃዛው ወቅት» እላለሁ።

«የወቅቱ ትንበያ ለተራራማው አካባቢ ከመደበኛ በላይ ዝናብና በረዶ የማግኘት ዕድሉ 40 በመቶ ነው ይላል። ከግማሽ በታች ስለሆነ አይጥልም ብዬ ልተኛ?»

አይተኙ። ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ይመጣል። ጥፋቱ የጠያቂው አይደለም፤ የሚያምታታው አጻጻፉ ነው። ባለሙያዎቹ የ30 ዓመት መዝገብ ይወስዳሉ፤ አሁን በብዛት የሚሠሩት እ.ኤ.አ. ከ1991 እስከ 2020 ባለው ነው። ዓመቶቹን ከእርጥቡ ወደ ደረቁ ይደረድሩና ሦስት ቦታ ይከፍሏቸዋል። የላይኛው ሲሶ «ከመደበኛ በላይ»፣ መካከለኛው «መደበኛ»፣ የታችኛው «ከመደበኛ በታች» ይባላል። ምንም ፍንጭ በሌለበት ዓመት እያንዳንዱ ሲሶ 33 በመቶ ገደማ ዕድል አለው። ስለዚህ 40ን የምናስተያየው ከ50 ጋር ሳይሆን ከ33 ጋር ነው። ሚዛኑ ወደ እርጥቡ አጋድሏል ማለት ነው፤ ያውም ትንሽ። ቀሪውን 60 በመቶ ሁለቱ ሲሶዎች ይካፈሉታል። ደረቅ ወቅት ቢመጣም «ትንበያው ዋሸ» ማለት አይቻልም።

«ሙቀቱም ከመደበኛ በላይ ይሆናል ተብሏል። ታዲያ በረዶው ከየት ይመጣል?»

እሱን የሚወስነው ከፍታ ነው። በአማካይ 1,000 ሜትር ሽቅብ በወጡ ቁጥር ሙቀቱ በ6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይቀንሳል። አየሩ በ2 ዲግሪ ሞቀ እንበል። ዝናብ ወደ በረዶ የሚለወጥበት መስመር 300 ሜትር ያህል ወደ ላይ ይሸሻል። እዚያ መካከል ያለ መንደር በበረዶ ፈንታ ጭቃ ይደርሰዋል። ጫፉ ግን ደንታም የለው፤ ከዜሮ በታች 12 የነበረው ከዜሮ በታች 10 ቢሆን በረዶ አይቀልጥም። እንዲያውም አየር 1 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ ተን መያዝ ይችላል። ከላይ ያለው በረዶ ሊብስ ሁሉ ይችላል። የእርስዎ ቤት ስንት ሜትር ላይ ነው? መጀመሪያ እሱን ይወቁ።

«የምንኖረው ሸለቆ ውስጥ ነው። ትንበያው ለዘብ ያለ ሌሊት ሲል እኛ በውርጭ እናድራለን። ተራራው ወገብ ላይ ያሉት ዘመዶቻችን ግን ደህና ናቸው። ማን ነው የተሳሳተው?»

ማንም አልተሳሳተም። ከፍ ሲሉ ይበርዳል ብዬ ጽፌ ሳልጨርስ ራሴን ላፈርስ ነው። ሰማዩ በጠራና ነፋስ በሌለበት ሌሊት መሬት ሙቀቷን ወደ ላይ ትለቃለች። እሷን የነካው አየርም ይቀዘቅዛል። ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ከባድ ነው። እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈስና ሸለቆው ግርጌ ይተኛል። ኦስትሪያ ውስጥ ግሩንሎኽ የሚባል ጎድጓዳ ስፍራ አለ። ከፍታው 1,270 ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ግን ከዜሮ በታች 52.6 ዲግሪ ተመዝግቦበታል። ከፍ ያለ ጫፍ ሳይሆን ጉድጓድ!

የኮምፒውተር ሞዴል አገሩን በአራት ማዕዘን ቁርጥራጭ ከፋፍሎ ነው የሚያየው። ቁርጥራጩ ከሸለቆው ሲሰፋ ሸለቆው ተውጦ ይቀራል። ግቢዎ ውስጥ ቴርሞሜትር ይስቀሉ። ለሁለት ሳምንት ከትንበያው ጋር ያስተያዩት። «ለኛ ስንት ዲግሪ ልቀንስ?» የሚለውን ያኔ ያውቁታል።

«ኤልኒኖ ከመጣ ተራራ ሁሉ በረዶ ያጣል?»

የለም። ኤልኒኖ የሚባለው በምድር ወገብ አካባቢ ያለው የፓስፊክ ውቅያኖስ ከመደበኛው 0.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሞቆ ለወራት ሲቆይ ነው። የነፋሱን መንገድ ያጣምመዋል፤ አንዱ ሲረጥብ ሌላው ይደርቃል። ለምሳሌ በዩናይትድ ስቴትስ ደቡቡ ሲረጥብ ሰሜኑ ለዘብ ማለት ይቀናዋል። ሁሌ ግን አይደለም።

«ከሦስት ወር በኋላ፣ ቅዳሜ ቀን፣ ተራራ ልንወጣ ነው። ቀኑ ጥሩ ይሆናል?»

ይህን አሁን የሚነግርዎ ሰው ካገኙ ኪስዎን ይጠብቁ። አንድ ሳምንት ሲቀረው ይዩት፤ ዋዜማው ላይ ደግሞ እንደገና።

«ባለፈው በረዶ ላይ እየሄድን ድንገት ሞቃት ነፋስ መጣብን። ልብሳችንን አውልቀን ተደሰትን። ምን ነበር?»

ከተራራው ማዶ ዝናቡን አራግፎ የመጣ አየር ነው። ወዲህ ሲወርድ ይታመቃል፤ በየ1,000 ሜትሩም 10 ዲግሪ ያህል ይሞቃል። አውሮፓ ውስጥ አልፕስ ላይ ፎን፣ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ሮኪ ተራሮች አጠገብ ቺኑክ ይሉታል። በዩናይትድ ስቴትስ ደቡብ ዳኮታ ውስጥ ስፒርፊሽ በምትባል ከተማ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 22 ቀን 1943 ጠዋት ሙቀቱ ከዜሮ በታች 20 ነበር። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ከዜሮ በላይ 7 ገባ። ሻይ እንኳ በሁለት ደቂቃ አይፈላም።

ደስታችሁ ግን ትንሽ አስፈርቶኛል። እንዲህ ያለ ድንገተኛ ሙቀት የተከመረውን በረዶ ያላላዋል። ናዳ የሚበዛው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባጋደለ ቁልቁለት ላይ ነው። ሞቃቱ ነፋስ ዳግም ከመጣ እንዲህ ካለ ቁልቁለት ላይም ሥርም አትቆዩ፤ ምሳችሁንም ራቅ ብላችሁ ሜዳ ላይ ብሉ።