ቦርከናን ከነሞተሩ መሻገር

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የምነዳው የናፍታ ላንድክሩዘር ነው። ክረምት ከከሚሴ ወደ ጨፋ ስወርድ የቦርከና ወንዝ ውሃ እስከ መኪናው መብራት ይደርሳል። ሞተሩ ውሃ እንዳይጠጣ ምን ላድርግ?
(ሾፌር፣ ከከሚሴ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ የቤንዚን መኪና ቢሆን እሳት የሚጭረው ካንዴላ ረጥቦ ይጠፋብህ ነበር። ያንተ ጣጣ ሞተሩ የሚስበው አየር ነው። የአየር ማጣሪያው፣ ፊልትሮው፣ ውሃ ከሳበ አለቀ። ውሃ እንደ አየር አይታመቅም፤ ፒስተኑ ሲገጨው የፒስተኑ ዘንግ፣ ቢየላው፣ ይጎብጣል። እኔም በጉብዝናዬ ጊዜ የሰው ሞተር እንዲህ በልቼ፣ ስንት ወር ዕዳ ከፍያለሁ። ስኖርክል፣ ማለትም አየር ከላይ የሚስብ ቱቦ፣ አስገጥም። መገጣጠሚያው በደንብ ካልታሸገ ግን ጌጥ ብቻ ነው።

ሰው የሚረሳው ዲፈረንሻሉን፣ በጎማዎቹ መሃል ያለውን የጥርስ ቤት፣ ነው። ግሎ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው በመተንፈሻው ውሃ ይስባል። መተንፈሻውን በጎማ ቱቦ ወደ ላይ አውጣው፤ የካምቢዮውንም (የማርሽ ሳጥኑን) እንደዚያው። ከተሻገርክ በኋላ ዘይታቸውን እይ፤ ወተት ከመሰለ ቀይረው።

መሃል ላይ ከጠፋብህ ማስነሻውን፣ ሞተሪኖውን፣ እንዳትነካ! አስጎትተህ አውጣው። ከዚያ ናፍታ የሚረጩትን ኖዝሎች አስፈትተህ ሞተሩን ውሃውን አስተፋው።

ደራሽ ጎርፍ ከመጣ ደግሞ ስኖርክልም አያድንህም። ዳር ቁምና ቡና ጠጣ፤ ጎርፉ እስኪጎድል ሦስተኛው ይደርሳል።