በመኪና ወይስ በአውሮፕላን? በአንድ ቤት ውስጥ ያሉ ሁለት ፍርሃቶች

ጥያቄ፦ በጅማ ከተማ የምኖር የሦስት ልጆች እናት ነኝ። እኔ መምህር ነኝ፤ ባለቤቴ በቡና ንግድ ይተዳደራል። ልጆቻችን የ13፣ የ9 እና የ4 ዓመት ናቸው። በመጪው ክረምት ትምህርት ሲዘጋ ናይሮቢ ወደምትኖረው የባለቤቴ እኅት ሄደን ሁለት ሳምንት ልንቆይ ከተስማማን ሰንብተናል፤ ያልተስማማነው በምን እንደምንሄድ ነው። እርሱ በራሳችን መኪና ይላል፤ እኔ በአውሮፕላን እላለሁ። የአምስት ሰው ትኬት ሂሳብ በወረቀት ላይ እየደመረ ያሳየኛል፣ «መሪው በእጄ እስካለ ድረስ አትስጊ» ይለኛል። እኔ ግን ከጥቂት ዓመታት በፊት በጊቤ በረሃ የተገለበጠ ሚኒባስ ካየሁ ወዲህ ረጅም መንገድ ስሄድ እጄ ይቀዘቅዛል። እርሱም ቢሆን ቀደም ሲል ለሥራ አዲስ አበባ ሲሄድ ከአባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ ይበር ነበር፤ ከተወው ስድስት ሰባት ዓመት ሆኖታል፤ አሁን ጎህ ሳይቀድ መኪናውን አስነሥቶ ይወጣል። ክርክራችን ከጉዞው አልፎ «አንተ መቼ ሰምተኸኝ ታውቃለህ»፣ «አንቺ የገንዘብ ነገር መቼ ገብቶሽ ያውቃል» ወደ መባባል ደርሷል። ባለፈው ሳምንት ትልቁ ልጄ በደብተሩ ላይ የሳለውን ካርታ ተቀዶ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ አገኘሁት። የመኪናውን መንገድ በቀይ፣ የአውሮፕላኑን በሰማያዊ እስክሪብቶ አስምሮ ነበር። ትክክለኛው ማነው? ባለቤቴንስ እንዴት ላሳምነው?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከደብዳቤዎ ሁሉ ልቤን የያዘው ያ የተቀደደ ካርታ ነው፤ ወደ እርሱ እመለሳለሁ። «ትክክለኛው ማነው?» ላሉትም ያለኝን አስተያየት ሳልሸሽግ እነግርዎታለሁ። ነገር ግን ከሁሉ አስቀድሜ ብነግርዎ ዛሬ ማታ ቡናው ላይ ለክርክር ይዘውት እንዳይቀርቡ እሰጋለሁ፤ ባለቤትዎ ደግሞ በክርክር ተረትተው አውሮፕላን ላይ የሚወጡ ሰው አይመስሉኝም።

በደብዳቤዎ መካከል እንደ ዋዛ ያለፉት አንድ ነገር አለ። ባለቤትዎ ቀድሞ እየበሩ ለሥራ ይመላለሱ እንደ ነበርና ይህን ከተዉ ስድስት ሰባት ዓመት እንደ ሆነ ጽፈዋል። አንድ ሰዓት እንኳ የማይሞላውን በረራ ትተው፣ ሌሊት ተነሥተው፣ 350 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መንገድ፣ ያውም የጊቤን ቁልቁለት ወርደውና ወጥተው የሚነዱ ሰው ይህን ሁሉ የሚያደርጉት ገንዘብ ለመቆጠብ ብቻ ነው ብዬ ለማመን ይቸግረኛል። ያላነጋገርሁትን ሰው በሌላ ሰው ደብዳቤ መመርመር የሙያዬ ሥርዓት ስለማይፈቅድ የምለውን በግምት ይያዙልኝ፤ ግምቴ ግን ባለቤትዎ መብረር ይፈራሉ፣ ይህንንም እስካሁን ለማንም፣ ምናልባት ለራሳቸውም ጭምር፣ አፍ አውጥተው አልተናገሩም የሚል ነው።

ዓመታቱን ወደ ኋላ ቢቆጥሯቸው የሚያደርሱዎት መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. አካባቢ ነው። በዚያች እሑድ ጠዋት ከቦሌ የተነሣ አውሮፕላን ስድስት ደቂቃ ያህል በርሮ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከሰከሰ፤ በውስጡ የነበሩት 157 ሰዎችም በሙሉ አለቁ። መድረሻው ናይሮቢ ነበር። እርስዎ «ናይሮቢ ደርሰን እንመለስ» ሲሉ የሚታይዎት የእኅትዬው ቤትና የልጆቹ ደስታ ነው፤ ባለቤትዎ ግን ያንኑ ቃል ሲሰሙ የሚታያቸው ሌላ ሊሆን ይችላል። ያ ኀዘን የማያውቃቸውን ሰዎች ሳይቀር በየቤቱ ያስለቀሰ በመሆኑ፣ ዘመድ ያልሞተበት ሰው ከዚያ ወዲህ አውሮፕላን ቢፈራ የሚያስገርም አይደለም።

አእምሯችን አደጋን የሚመዝነው በቁጥር አይደለም። አሞስ ትቨርስኪና ዳንኤል ካህነማን የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ እንዳስረዱት፣ ሰው አንድ ነገር ምን ያህል እንደሚያጋጥም የሚገምተው ምሳሌው ወደ አእምሮው በሚመጣበት ፍጥነት ነው። የአውሮፕላን አደጋ ስንት ጊዜ አንዴ ቢደርስም ወሬው ለሳምንታት ከቤታችን አይወጣም፤ የመኪና አደጋ ግን በየቀኑ ስለሚደርስ ሰምተነው ወደ ሥራችን እንሄዳለን። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት በመንገድ አደጋ በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 1.19 ሚሊዮን ሰው እንደሚሞት ገልጿል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2001 በአሜሪካ ከደረሰው የአውሮፕላን ጥቃት በኋላም ብዙ ሰው በረራን ፈርቶ ወደ መኪና ዞሮ ነበር፤ ጀርመናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጌርድ ጊገሬንዘር በዚህ ምክንያት በአንድ ዓመት ውስጥ ወደ 1500 የሚጠጉ ተጨማሪ ሰዎች በመንገድ ላይ እንደ ሞቱ ገምቷል። ከፍርሃታቸው ሸሽተው ወደሚብሰው አደጋ የገቡ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው። ባለቤትዎ «መሪው በእጄ» የሚሏት ቃልም ከዚሁ ጋር ትያያዛለች፤ ሰው ራሱ የያዘውን ነገር ሌላው ከያዘው ያነሰ ይፈራዋል፣ ምንም እንኳ ከፊት ለፊቱ የሚመጣው የጭነት መኪና መሪ በእርሱ እጅ ባይሆን።

አሁን ይህን አንብበው «ይኸው፣ እኔ ነበርሁ ትክክል» ብለው እንደሆነ እባክዎ ትንሽ ይታገሡኝ። የእርስዎም ፍርሃት የተወለደው በዚያው መንገድ ነው፤ በጊቤ የተገለበጠውን ሚኒባስ በዐይንዎ አዩ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ እጅዎ ይቀዘቅዛል። ልዩነቱ የእርስዎ ፍርሃት ቁጥሩ በሚያመለክተው በኩል መውደቁ፣ የእርሳቸው ደግሞ በሌላው በኩል መውደቁ ነው። ስለዚህ ቁጥሩን እንደ ዱላ አይያዙት። ፈሪ ሰው በቁጥር ሲመቱት ይበልጥ ወደ ገንዘብ ሂሳቡ ይሸሻል፤ በእኛ ማኅበረሰብ ወንድ ልጅ «ትኬቱ ውድ ነው» ሲል አስተዋይ፣ «እፈራለሁ» ሲል ግን ሌላ ስም ይወጣለታል። ባለቤትዎ የተሸሸጉበት ሂሳብ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

ሂሳቡ ውሸት ነው ማለቴ ግን አይደለም። የቡና ነጋዴ ቤት ገንዘብ በወቅት የሚገባና በወቅት የሚጎድል ስለ ሆነ በክረምት የአምስት ሰው ትኬት መግዛት ቀላል ነገር አይደለም፤ «ገንዘብ ያሳሳሃል» የምትለውን ቃል ከንግግርዎ ያውጧት። ይልቅ ሁለቱን ወጪዎች አብራችሁ ቁጭ ብላችሁ በእውነት ጻፏቸው። ከጅማ በአዲስ አበባ አድርጎ በሐዋሳ፣ በዲላ፣ በያቤሎና በሞያሌ፣ ከድንበር ወዲያ ደግሞ በማርሳቢትና በኢሲዮሎ አልፎ ናይሮቢ የሚገባው መንገድ ወደ 1900 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ነዳጁ፣ በመሄጃና በመመለሻ የሚታደርባቸው ሆቴሎች፣ የኮሜሳ ቢጫ ካርድ የሚባለው የድንበር ተሻጋሪ የሦስተኛ ወገን መድን፣ የመኪናው እድሳት፣ ከሁሉም በላይ ከአሥራ አራቱ ቀን ውስጥ ስድስቱ ቀን በመንገድ የሚያልቁ መሆናቸው ይጻፍ። በሌላው በኩል ትኬቱ ይጻፍ፤ ከአዲስ አበባ ናይሮቢ በረራው ሁለት ሰዓት ያህል ነው።

አስተያየቴን ልንገርዎ ብያለሁ፤ ለዚህ ጉዞ፣ ለእነዚህ ልጆች የሚሻለው አውሮፕላን ነው። የአራት ዓመት ልጅ ሦስት ቀን በመኪና ወንበር ታስሮ አይቀመጥም፤ ካለቀሰ ደግሞ እርስዎ ወደ ኋላ፣ ባለቤትዎም በመስታወቱ ወደ እርሱ ይዞራሉ። በኬንያ መኪና የሚነዳው በግራ በኩል ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ በቀኝ የነዳ ሰው ሲደክመው እጁ ወደ ለመደው ያደላል። ድካምን በተመለከተ ደግሞ ለ17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው አነዳድ በደሙ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር እንደሚቀራረብ በምርምር ታይቷል። ጅማ ስላላችሁ ይህንንም ልጨምር፤ በጫት መነቃቃት ድካምን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም፤ በምርቃና ሌሊቱን የገፋ አሽከርካሪ የሚያንቀላፋው ምርቃናው በሚበርድበት ሰዓት ነው። ባለቤትዎ ይህን ያደርጋሉ አላልሁም፤ ጎህ ሳይቀድ ለሚነሣ ሰው ግን መነገር አለበት።

እንግዲህ እንዴት እንደሚነጋገሩ እንመልከት። ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ ሁለታችሁም ባልተጣደፋችሁበት ምሽት ይሁን። በእርሳቸው ፍርሃት አይጀምሩ፤ በራስዎ ይጀምሩ። ለምሳሌ፦ «ስለ መንገዱ ስንጨቃጨቅ አንድ ነገር አልነገርሁህም። ጊቤ ላይ ያን ሚኒባስ ካየሁ በኋላ መኪና ውስጥ ስቀመጥ እጄ ይቀዘቅዛል፣ ልጆቹን ስመለከት ሆዴ ይባባል። ውድ ነገር ፈልጌ አይደለም፣ ፈርቼ ነው።» ከዚህ በኋላ ዝም ይበሉ። ዝምታው ይረዝም ይሆናል፤ ባለቤትዎ ሲኒውን አንሥተው ያስቀምጡት ይሆናል፤ «እና አንተስ?» ብለው አይቸኩሉ። ያን ምሽት ምንም ላይሉ ይችላሉ። ከሦስት ቀን በኋላ መኪና ሲያጥቡ ወይም በር ሲዘጉ ብቅ የሚል ቃል ሊኖር ይችላልና ያን ጊዜ ሥራዎን ያቁሙና ያድምጡ፤ «አውቄው ነበር» የምትለውን ቃል ግን ዋጥ ያድርጓት።

ፍርሃቱን ከነገሩዎ ደግሞ ይህ ፍርሃት የሚታከም መሆኑን ይወቁ፤ በሥነ ልቦና ሕክምና ጥሩ ውጤት ከሚገኝባቸው ችግሮች አንዱ ነው። የሚያኖረው መሸሽ ነው፤ ባለቤትዎ በረራ ትተው መኪና ባስነሡ ቁጥር ወዲያው ቅልል ይላቸዋል፣ ያ ቅልል ማለት ግን «ያመለጥኸው ከሞት ነው» ብሎ ፍርሃቱን ይመግበዋል። መድኃኒቱም በትንሽ በትንሹ መቅረብ ነው። መጀመሪያ እንግዳ ለመሸኘት አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሄደው ሲነሣ ቆመው ማየት፤ ቀጥሎ ከጅማ አዲስ አበባ በምትወስደው አጭር በረራ፣ እርስዎ በጎናቸው ተቀምጠው፣ አንድ ጊዜ ደርሶ መመለስ። በክረምት ከሰዓት በኋላ ደመናው ስለሚከብድ የጠዋቱን በረራ ይምረጡ። ሲገቡ ለአስተናጋጆቹ «ባለቤቴ መብረር ይከብዳቸዋል» ማለት አያሳፍርም። በበረራው ላይ ፍርሃታቸውን ከ0 እስከ 10 ባለው ቁጥር በየአምስት ደቂቃው ይንገሩዎት፤ ወደ ላይ ወጥቶ በራሱ ጊዜ ሲወርድ ያዩታል፤ ይህን በአካላቸው ማየታቸው እኔ ከምጽፈው ገጽ ሁሉ ይበልጣል። አየር ሲያስወጡ ከሚያስገቡበት አርዝመው ቢተነፍሱ ልባቸው ረገብ ይላል። ፍርሃቱ ከዚህ የከበደ ከሆነ በከተማችሁ በጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል የአእምሮ ጤና ባለሙያ ማማከር ይቻላል። ሐኪም ያላዘዘውን ማስታገሻ ግን ከሰው ተቀብለው እንዳይወስዱ። እርስዎም ትኬቱን በድብቅ ቆርጠው «አሁንማ ተከፍሏል» እንዳይሏቸው አደራ እላለሁ፤ አንድ ጊዜ በወጥመድ የተሣፈረ ሰው ሁለተኛ አያምንዎትም።

እስከ ክረምት ዝግጁ ባይሆኑስ? ያን ጊዜ ናይሮቢን ለሚቀጥለው ዓመት አቆይታችሁ በዚህ ክረምት አርባ ምንጭ ወይም ሐዋሳ በቀን ብርሃን ብቻ እየተነዳ፣ በየሁለት ሰዓቱ እየታረፈ መሄድ ይቻላል፤ ይህም የእርስዎን ፍርሃት ያከበረ የመኪና ጉዞ ይሆናል። ለእኅትዬውም «ዘንድሮ አልተመቸንም» ማለት በቂ ነው። ይህን እንደ ሽንፈት አላየውም። የማልደግፈው ፍርሃቱ ሳይነገር፣ ገንዘብ ተብሎ፣ አምስት ሰው 1900 ኪሎ ሜትር ይዞ መውጣትን ነው።

አሁን ወደ ልጁ ልመለስ። የ13 ዓመት ልጅ በቀይና በሰማያዊ ሁለቱንም መንገድ ያሰመረው እናትና አባቱን የሚያስታርቅ ነገር እየፈለገ ይመስለኛል፤ የቀደደውም አንዱን መስመር ማጥቆር ከሁለታችሁ አንዱን መክዳት ሆኖ ስለታየው ሊሆን ይችላል። «አንተ ከማን ጋር ነህ?» ተብሎ ባይጠየቅም ከግድግዳው ወዲያ ሆኖ ይሰማል። ስለዚህ የእናንተ ውሳኔ ሳይደርስ፣ በዚህ ሳምንት፣ ሁለታችሁም ባላችሁበት ባለቤትዎ ይንገሩት፤ ከእርስዎ ይልቅ ከአባቱ አፍ ቢሰማው ይሻላል፦ «ካርታህን አይተነዋል። በምን እንደምንሄድ የምንወስነው እኔና እናትህ ነን፤ አንተ መምረጥ የለብህም።» ከዚያ የተቀደደውን ወረቀት እንዲያወጣው አይጠይቁት። አዲስ ደብተር ይስጡትና ናይሮቢ ስትደርሱ፣ ወይም አርባ ምንጭ፣ ታናናሾቹን ምን እንደሚያሳያቸው እርሱ ይጻፍ።