መድኃኒቱ መልኬን ቀየረው፤ ላቁመው?

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣

የ36 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ደሴ ነው። ሲኤምኤል የሚባለው የደም ካንሰር ተገኝቶብኝ ኢማቲኒብ ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደሜ ተስተካክሏል፤ ሥራዬንም እሠራለሁ። ያስቸገረኝ ቆዳዬ ነው። የታወቅሁ ጠይም ነበርኩ። አሁን ፊቴና እጄ እየነጣ መጥቷል። ጠዋት ስነሳ ደግሞ ዓይኔ ዙሪያውን አብጦ ነው። ለቅሶ ቤት ስቀመጥ ሴቶቹ «ምን ቅባት ጀመርሽ?» ይሉኛል። አማቴ ለምጽ ነው ብለው ክኒኑን ትተሽ ፀበል ግቢ እያሉኝ ነው። ሰው መሀል መግባት ስላሳቀቀኝ ቅዳሜና እሁድ ክኒኑን መዝለል ጀምሬያለሁ። ባለቤቴ አያውቅም። ጨርሼ ብተወው መልኬ ይመለሳል?

ጠይሟ ነኝ

እህቴ ጠይሟ፣

መልክሽ ሊመለስ ይችላል። ግን በእናትሽ፣ ክኒኑን አትዝለዪ።

ይህን በሽታ የሚያመጣው ቢሲአር-ኤቢኤል የሚባል ፕሮቲን ነው፤ የደም ሴሎች ያለ ልክ እንዲባዙ ያደርጋል። ኢማቲኒብ እሱን ያግዳል። ችግሩ ኪት የሚባል ሌላ ፕሮቲንም አብሮ ያግዳል። የቆዳን ቀለም የሚሠሩት ሴሎች ደግሞ ኪት ያስፈልጋቸዋል። ለዚህ ነው የነጣሽው። እንደኛ ጠይምና ጥቁር በሆነ ሰው ላይ ጎልቶ ይታያል። ለምጽ አይደለም፤ ወደ ሰውም አይተላለፍም። የመድኃኒቱ መጠን ሲቀነስ ወይም ሲቀየር ብዙ ጊዜ ቀለሙ ይመለሳል። ያንን የሚወስነው ግን የደም ምርመራሽን የሚያየው ሐኪም ነው።

ኢማቲኒብ በ2001 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ከመፈቀዱ በፊት፣ ይህ በሽታ የያዘው ብዙ ሰው የሚኖረው ጥቂት ዓመት ነበር። ከሳምንቱ ሁለት ቀን መዝለል ቀላል አይምሰልሽ። የቀሩት የካንሰር ሴሎች ፋታ ያገኛሉ፤ መድኃኒቱን ሊለምዱትም ይችላሉ። ቀጠሮሽን አትጠብቂ። ሄደሽ መዝለልሽን ሳትደብቂ ተናገሪ፤ የቢሲአር-ኤቢኤል ምርመራም ይታዘዝልሽ እንደሆነ ጠይቂ። የድሮ ፎቶሽን ይዘሽ ሂጂ፤ ለውጡን ሐኪሙ በዓይኑ ይየው። ያለፈሽን ለማካካስ ብለሽ ሁለት ጊዜ እንዳትውጪ።

ፀበሉን ከወደድሽ ግቢ፤ ክኒኑን ግን ይዘሽ። ኢማቲኒብ ከምግብና ከአንድ ትልቅ ብርጭቆ ውኃ ጋር ነው የሚወሰደው። በጾም ጊዜ ከምታፈጥሪበት ምግብ ጋር ማድረግ ይቻል እንደሆነ ሐኪምሽን አማክሪ።

ገበያ ላይ የሚሸጡ የፊት ቅባቶችን አትንኪ። አንዳንዶቹ ስቴሮይድ አለባቸው፤ ቆዳ ያሳሳሉ። ከታጠብሽ በኋላ ቫዝሊን ይበቃሻል። ቀለሙ የቀነሰ ቆዳ ፀሐይ ቶሎ ያቃጥለዋልና ጃንጥላ ያዢ፤ አቅም ካለሽ የፀሐይ መከላከያ ጨምሪ። ለዓይንሽ እብጠት ጨው ቀንሺ፤ ትራስሽን ከፍ አድርጊ። ክብደትሽ በድንገት ከጨመረ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ፣ ቆዳሽ ውኃ ከቋጠረ ወይም ከተላጠ፣ አፍሽ ከቆሰለና ትኩሳት ካለሽ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂጂ።

ለባለቤትሽም ዛሬ ማታ ንገሪው። አማትሽን ማስረዳት ላንቺ ብቻ የሚተው ሸክም አይደለም፤ እናቱ ናቸውና እሱ ያናግራቸው።