ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል

ሰሞኑን አንዲት ልጅ ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ የመጀመሪያ መጽሐፌን ላሳትም ነው። ራሴ ባስተዋውቀው ነውር ነው እንዴ?» ያኔ ምን እንዳልኳት እንጃ። አንድ ወዳጄን ግን አስታወሰችኝ።

እዚሁ ባሕር ዳር አስተማሪ ነበር። ልጅነቱ ቅኔ ቤት ነው ያለፈው፤ ለዛው ከዚያ የመጣ ይመስለኛል። ጠጅ ቤት ሲገባ ሁሉም ወንበሩን ወደሱ ይስባል። አንድ ቀን ብርሌው ጎደል ብሎ ቢመጣለት አሳላፊዋን ቀና ብሎ አያትና፣ «እኔ ነኝ ወይስ ብርሌው ነው የሚጾመው?» አላት። እንዲህ ነበር።

ይህ ሰው ስንት ዓመት ጽፎ ጽፎ አንድ መጽሐፍ አሳተመ። እኔ በረቂቁ አንብቤዋለሁ። ከዘጌ እንጨት ጭኖ በጣና ሐይቅ ላይ በታንኳ ስለሚመጣ ሰው የጻፈው እስካሁን ከአእምሮዬ አልጠፋም። ታንኳው የተሠራበት ደንገል ውሃ እየጠጣ ሲከብድበት፣ ሰውየው እንጨቱን አንድ በአንድ ሐይቁ ላይ ይጥላል፤ ሲጥል ደግሞ የእያንዳንዱን ዋጋ ይጠራል፣ ይሄ ለልጄ ደብተር ነበር፣ ይሄ ለጨው ነበር እያለ።

የምረቃው ዕለት አዳራሹ ሞላ። መድረክ መሪው «እስቲ ስለ መጽሐፍህ ትንሽ በለን» አለው። ተነሳ። «መጻፉን እኔ ጽፌዋለሁ፣ ማንበቡ የእናንተ ዕዳ ነው። ካልጣማችሁ ወረቀቱ ለበርበሬ መጠቅለያ ይሆናል» ብሎ ቁጭ አለ። ሰው በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ዳቦና ለስላሳው ዞረ፣ ሁሉም «አንተ መቼም!» እያለ አቅፎት ወጣ፣ ካርቶኖቹም እንደመጡ በባጃጅ ተመለሱ። የታንኳውን ሰው አንድም ጆሮ አልሰማውም። አንዷን ገጽ ብቻ ቢያነብላቸው ኖሮ! ይሄ ነው የሚቆጨኝ። አሁን እሱም የለም፤ ሰው የሚያነሳለት የብርሌዋን ቀልድ ብቻ ነው።

አለቃ ገብረ ሐናንም ሳስብ እንዲሁ ይለኛል። ከሐይቁ ማዶ የፎገራ ሰው ናቸው። በቀልዳቸው የማያውቃቸው የለም። የጣና ደንገል ሲወዛወዝ አይተው አዲስ አቋቋም፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን የዝማሬና የሽብሸባ ሥርዓት፣ እንዳበጁ የሚያውቀው ግን ስንቱ ነው? ያስፋፋው ልጃቸው ተክሌ ስለሆነ ስሙም «ተክሌ አቋቋም» ሆኖ ቀረ። ትልቅ ሊቅ ነበሩ፣ ሳቃችን ሸፈናቸው።

ስለዚህ ተናገሩ። እኛን «ሌላ ሰው ያመስግንህ እንጂ» እያሉ ነው ያሳደጉን፤ ሌላው ሰው ግን የራሱ ጉዳይ አለበት።

የዛሬ ልጆች ደግሞ ብሶባችኋል! ገና ምዕራፍ አንድን ሳይጨርስ ሽፋኑን ቴሌግራም ላይ የሚለጥፍ አለ። ቲክቶክ ላይ «ደራሲ እገሌ» ተብሎ፣ ድርሰቱ የት አለ ሲባል የለም። እንዲህ ከሆነስ ዝም ማለት ይሻላል። ቅድም ተናገሩ አላልኩም? ብያለሁ። ሁለቱንም ማለቴ ነው።

እንዴት ካላችሁኝ፣ ሐይቁ ዳር ያሉትን አሳ ሻጮች እዩ። ጎበዙ ሻጭ ብዙ አያወራም። ቆሮሶ የሚባለውን አሳ አንስቶ ስንጥቡን፣ መተንፈሻውን፣ ገለጥ ያደርግላችኋል፤ ቀይ ከሆነ ትኩስ ነው፣ አበቃ። እናንተም «ድንቅ መጽሐፍ ነው» ከምትሉ አንድ ገጽ አንብቡ፣ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ። ቀልዱ ይቆይ። ለዛ ያላችሁ በተለይ እናንተ ተጠንቀቁ፤ ሰው ከሳቀ በኋላ ኪሱ ውስጥ እጁን አይከትም።

ዋጋ ስትጠሩም አትሽኮርመሙ። ለዘመድ አዝማድ በነፃ ማደልም ይቅር፣ የተቀየመ ይቀየም። ለእኔም ቢሆን በነፃ አትስጡኝ፤ ጡረተኛ ብሆንም የመጽሐፍ አላጣም።